ኪስ ያለው ጥቁር ቀሚስ

እጇ ላይኛው መደርደሪያ ደረሰ።

ልብስ ሰፊዋ ራሷ አላመነችም። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ካወጡላት ወዲህ ግራ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ ብሏት ነበር። እንቅስቃሴ የምታሠራት ባለሙያ ባዘዘቻት መሠረት፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን ግድግዳ ላይ ሽቅብ እያስኬደች ስትታገል ከርማለች። ዛሬ ግን ወንበር ላይ ሳትቆም፣ ሰው ሳትጠራ፣ ተንጠራርታ የመደርደሪያውን ጠርዝ ጨበጠችው። "ደረስኩ!" አለች ጮክ ብላ። ሥራ ቤቱ ውስጥ ግን ከሁለቱ የስፌት መኪኖችና ራስ ከሌለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት በቀር ደስታዋን የሚጋራት አልነበረም።

የፈለገችው ሰማያዊ ገበር ነበር። ገበሩን ስትጎትተው ከኋላው የተሸጎጠ ጥቅል አብሮ ተንሸራተተና ትከሻዋን መትቶ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። በላስቲክ ተጠቅልሎ በክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። በራሷ ቤት፣ በራሷ መደርደሪያ ላይ የማታውቀው ጨርቅ መኖሩ ትንሽ አናደዳትና ክሩን በመቀስ በጠሰችው።

ጥቁር ጨርቅ ነው። ተቀዷል፤ አልተሰፋም። በጣቶቿ ልትለየው ሞከረችና ተወችው። ከካንሰሩ መድኃኒት፣ ከኬሞው ወዲህ የጣቶቿ ጫፍ ደንዝዟል፤ መርፌ ሲወጋት እንኳ የምታውቀው ደሙን አይታ ነው። ልብስ ሰፊ ጣቷ ከደነዘዘ ምን ቀራት እንዳይሏት ፈርታ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሰው በሌለበት ጨርቅን በጉንጯ መዳሰስ ለምዳለች። አሁንም አነሳችና ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። ከበድ ያለ፣ ለስላሳ፣ ደህና ጨርቅ ነው።

የማን እጅ እንደቀደደው ለማወቅ አልተቸገረችም። ሥራ ቤቱን የሚጋራት ልብስ ሰፊ "ሚሊሜትር" የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ሰው ትከሻ ለመለካት ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ደንበኛውን አቁሞ አድርቆ፣ ሲያበቃ "አንዴ ልድገመው" የሚል ሰው ነው። ያስደነገጣት ቅዱ ሳይሆን ልኩ ነው። በትልቁ ቅድ ላይ የቀኙ ትከሻ ከግራው ዝቅ ብሏል። እንዲህ ያለ ትከሻ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የታላቅ እህቷን። ሁለተኛው ቅድ ወገቡ ቀጭን፣ እጅጌው ረጅም ነው። የልጇ ነው፤ "ክንድሽ ካንቺ ቀድሞ አደገ" እያለች የምትቀልድባት የአንድ ልጇ። ከመካከላቸው ደግሞ አራት ማዕዘን ቁራጭ ወጣች። ኪስ። ለሐዘን ቀሚስ ኪስ ምን ያደርጋል?

የሐዘን ቀሚስ። ቃሉ አንዴ ጭንቅላቷ ውስጥ ከገባ በኋላ አልወጣ አላት። እህቷና ልጇ ጥቁር ለመልበስ የሚለኩት ምን መጥቶ ነው? ማን ሞቶ ነው?

ይህን ማሰቧ አይፈረድባትም። ቤተሰቧ ክፉ ወሬ በመደበቅ የታወቀ ነው፤ እሷ ከታመመች ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። "በሽተኛ አይደንግጥ" የቤቱ ሕግ ሆነ። አጎቷ ሲሞት ማንም አልነገራትም። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና "አጎቴን ሰላም በሉልኝ" እያለች ስትልክ፣ "እሺ፣ እንልልሻለን" እያሉ ከመቃብሩ መልስ አበባ እንደያዙ ይጠይቋት ነበር። ኋላ ስትሰማ ከሞቱ ይልቅ ያ "እሺ" ነው ያቃጠላት።

ቅዶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። የእህቷ አለ፤ የልጇ አለ፤ የእናቷ የለም። እናቷ የምትኖረው ራቅ ያለ ከተማ ነው። ሰሞኑን ደግሞ በስልክ አላገኘቻትም፤ ስትጠይቅ እህቷ "ጉሮሮዋን አሟት ድምጿ ተዘግቷል፣ አታስቸግሪያት" ብላታለች። ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ ነው። ቀሚሶቹ ያልተሰፉት ለምን እንደሆነም በዚያው ተገለጠላት፤ እሷ እስክትጠነክርና መርዶው እስኪነገራት ነው የሚጠብቁት። ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች።

ሚሊሜትር የገባው ያን ጊዜ ነው። አንድ እፍኝ ዚፕ ይዞ፣ እያፏጨ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲያይ ፉጨቱ መሃል ላይ ተቆረጠ።

"ማን አወረደው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"በምን እጅሽ?"

"በግራ እጄ። ይሄ ምንድን ነው?"

"ደርሰሽ ነው? ጎሽ! በይ እንኳን…" አለና ፊቷን አይቶ የቀረውን ዋጠው። ዚፖቹን ሊያስቀምጥ ሲል ግማሾቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ቶሎ ብሎ ጎንበስ አለ። ለመልቀም ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም ነበር፤ እሱ ግን ቀና ማለቱን አልፈለገውም።

"ማን ነው የሞተው?"

"ማንም!"

"እማዬ ናት?"

"እኔ ምንም አላውቅም። እህትሽን ጠይቂ። እኔ ለካ ሲባል ለካሁ፣ ቅደድ ሲባል ቀደድኩ። በቃ፣ አልዋሽሽም፣ እህትሽን ጠይቂ።"

ሳይዋሽ ይዋሻል ማለት ይሄ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቅዶቹን በጉያዋ ሸክፋ ወጣች።

እህቷ የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሩቅ አይደለም። በደህናው ጊዜ ሻሿን ሳታስር ዘላ የምትደርስበት ነው። አሁን ግን ጉልበቷ እንደ ክፉ ደንበኛ ሆኖባታል፤ አንድ ቀን ሳይጠራ ይመጣል፣ በማግስቱ ቀጥሯት ይቀራል። ትናንት ደረጃ ሳታርፍ ወጥታ "ዳንኩ" ብላ ለራሷ መስክራለች። ከትናንት ወዲያ ካልሲዋን ለማድረግ አልጋው ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች። አሁን መንገዱ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሯት ከአንድ ጫማ ቤት ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የእናቷን ፊት ለማስታወስ ሞከረች። የታያት ፊቷ ሳይሆን እጇ ነው፤ ከኬሞው ማግስት ሳህን ደቅና ጀርባዋን የምታሻት እጅ። "አልተሰናበትኳትም" አለች ባዶ መንገዱን እያየች። ተነስታ ሄደች።

እህቷ የቤት ስሟ "ለማንኛውም" ነው። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የምትይዝ፣ ለአንድ ቀን መንገድ የሳምንት ልብስ የምትቋጥር፣ "ለምን?" ሲሏት "ለማንኛውም" የምትል ሴት ናት። ልብስ ሰፊዋ ስትገባ አንድ ጎልማሳ ደንበኛ ወፍራም ጥራዝ እያስባዛ ነበር። ጥቁሩን ጨርቅ ከነሸክሙ ማሽኑ ላይ ጣለችው።

"እትዬ፣ እማዬ መቼ ነው የሞተችው?"

"ምን?"

"አልወድቅም፣ ንገሪኝ። መቼ ነው የሞተችው?"

"ኧረ አንቺ ሴት! ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"ስልኳ ለምን ተዘጋ ታዲያ?"

"ቻርጅ ረስታ ነዋ! መቼ አስታውሳ ታውቃለችና?" እህትየው ይህን እያለች የእናታቸውን ጎረቤት ስልክ መታች። "አዎ፣ እስቲ አቅርቢልኝ… ቶሎ በይ… ያው፣ አናግሪያት።"

"ማን ነው?" አለ ሻካራ ድምፅ። "ማን ነው? ጮክ በሉ!"

"እማዬ።"

"አንቺ ነሽ እንዴ? በልተሻል?"

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ተንሰቀሰቀች።

"ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? ሐኪሙ ምን አለሽ?"

"ምንም አላለኝም፣ እማዬ።"

"ምንም ካላለሽ ምን ያስለቅስሻል? ሂጂና ብዪ! የሰው ስልክ ነው፣ ቻው።"

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ ቀደማት። እህቷም ሳቀች፤ ነገሩ የማይመለከተው ጎልማሳም ሳቀ። እንዲህ ያለ እፎይታ አግኝታ አታውቅም። ካንሰሩ ጠፋ የተባለችበት ቀን እንኳ ይህን ያህል አልቀለላትም ነበር። ሻሿን አውልቃ ፊቷን ጠረገችበት፤ አዲስ የበቀለው ድፍን ጥቁር ፀጉሯ በላብ ርሷል።

"ታዲያ ይሄ ለማን ነው?" አለች እየሳቀች።

እህቷ ጨርቁን ከማሽኑ ላይ ልታነሳ እጇን ዘርግታ ተወችው። ማሽኑ ግን ሥራውን አልተወም፤ መብራቱ ከጨርቁ ሥር ብልጭ እያለ ጥቁር ወረቀት በጥቁር ወረቀት ላይ ይተፋል። ለሁሉ ነገር መልስ አዘጋጅታ የምታድር እህቷ፣ ለዚህ አላዘጋጀችም። ልብስ ሰፊዋ እንደገና ጨርቁን አየች። በዚያ ጥቅል ውስጥ ቅዷ የሌለው የእናቷ ብቻ አልነበረም። የራሷም የለም።

"ለእኔ ነው" አለች።

ጎልማሳው "ቆይቼ እመለሳለሁ" ብሎ ጥራዙን ሳይወስድ ወጣ።

"ቁጭ በይ" አለች እህቷ።

"አልቀመጥም።"

"ያ ኢንፌክሽን ደምሽ ውስጥ የገባ ጊዜ ነው። አንቺ አታስታውሺም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶን 'ተዘጋጁ' አለን። ምን አድርገን እንደምንዘጋጅ አልነገረንም። ተዘጋጁ ብሎን ሄደ።" እህቷ የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። "እኔ ደግሞ መዘጋጀት የማውቀው ይሄን ነው። ጨርቅ ገዛሁ። ሌላ ምን ላድርግ? መድኃኒቱን አልሠራው! አልጋሽ ሥር ተቀምጬ ትንፋሽሽን ስቆጥር ላብድ ሆነ። እቃ መግዛት ግን እችላለሁ።"

"በቁሜ ቀበርሽኝ።"

"አልቀበርኩሽም!"

"ትከሻሽን አስለክተሽ፣ ወገብሽን አስለክተሽ… እኔ ለመተንፈስ ስታገል አንቺ ስለ እጅጌ ታወሪያለሽ?"

"አዎ፣ ስለ እጅጌ አወራሁ! ስለ እጅጌ ባላወራ ምን ላወራ ነበር?" እህቷ አሁን ታለቅሳለች፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። "ዓይንሽን የገለጥሽ ዕለት ለሚሊሜትር ደውዬ 'ጣለው፣ አቃጥለው' ብዬዋለሁ። እሱ ነው ጥሩ ጨርቅ አልጥልም ብሎ የሰቀለው። እጇ እዚያ አይደርስም አለኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ የልጇን ቅድ አነሳች። በዚህ ሁሉ መሃል ያን ያላሰበችው እንዴት እንደሆነ አልገባትም። ጨርቅ እንደሁ ያለ ሰው አይለካም። ልኳ እንዲወሰድ ልጇ ራሷ ቆማ ነበር።

"ልጄም ነበረች?"

"እሷ…"

"ልጄን ለቀብሬ አስለካሻት?"

"ለብቻዋ ቤት ትቻት ልሂድ? ደግሞ አልዋሸኋትም። ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።"

ልብስ ሰፊዋ በጥፊ ልትመታት እጇን አንስታ ነበር። ያችው ግራ እጇ ናት፤ ደግሞ ሽቅብ ወጣችላት። አየር ላይ አቆየቻትና መልሳ አወረደቻት። ከዚያ ቅዶቹን ሰብስባ ወጣች፤ እህቷ ስሟን እየጠራች ጃንጥላ ይዛ እስከ በሩ ተከተለቻት።

ሥራ ቤቱ ስትመለስ ሚሊሜትር ሥራው ላይ ነበር። ለወትሮው ወሬኛ ነው፤ ዛሬ የስፌት መኪናውን እየረገጠ አንገቱን ቀበረ። እሷም ቅዶቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሞከረች። ጣቶቿ ክሩን መያዝ አለመያዛቸውን አታውቅም። ደጋግማ ሞከረች። ሚሊሜትር በጎን አየና እንዳላየ ሆነ። ድንጋጤው አልለቀቃትም። ሰው በሕይወት እያለ የሞቱን ልብስ ሲዳስስ ምን ይባላል? ቁጣው እህቷ ላይ ነበር፤ ቁጣው ሲያልቅ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አገኘች። አንዲት ልጅ እዚህ ወለል ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆማ፣ ሜትሩ ደረቷን ሲዞር "ቀና በይ" ስትባል ታያት። ማን አጠገቧ ነበር? አባቷ ገና ስትድህ ሄዶ፣ ከዚያ ወዲህ በስልክ ብቻ አባት ነው። እናቷ አልጋ ላይ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ እንደ ልማዷ ከትምህርት ቤት ቀጥታ መጣች። ቦርሳዋን ወረወረችና ውሃ ለመቅዳት ስትዞር ጠረጴዛውን አየች። ልብስ ሰፊዋ ለቅሶ፣ ጩኸት ወይ ሽሽት ጠብቃ ተነሳች። ልጅቷ ግን ከባድ ነገር እንዳወረዱላት ሁሉ ትከሻዋ ወረደ።

"አገኘሽው?" አለች።

"አገኘሁት።"

"እኔ እዚያ ላይ እንዳለ አውቅ ነበር። ስገባ ሁልጊዜ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ካለ አንቺ ደህና ነሽ ማለት ነው። ካወረዱት ደግሞ…" አልጨረሰችውም። "ተቆጣሽ ማሚ?"

"አልተቆጣሁም።"

"አክስቴን ግን ተቆጥተሻታል።"

"እሷን ተቆጥቻታለሁ።"

"ማልቀሷ እኮ ለእኔ ጥሩ ነበር፤ ሁሉም ሰው እሷን ሲያባብል እኔን ማንም አላየኝም።" ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ቁርጥራጮች ትንሿን አራት ማዕዘን አነሳች። "ይቺን እኔ ነኝ ያስጨመርኩት።"

"ኪሱን?"

"እህ። ጋሼ አይሆንም፣ እንዲህ ያለ ቀሚስ ኪስ የለውም አለኝ። እኔ ግን እምቢ አልኩ።"

ሚሊሜትር መኪናውን አቆመ።

"ለምን ፈለግሽው?" አለች እናትየው።

"ሰው ሁሉ ለለቅሶ መጥቶ ሲስመኝ እጄን የት አድርጌ እንደምቆም አላውቅም ነበራ። አንቺ ነሻ እጄን የምትይዥው።"

ኬሞው፣ ጨረሩ፣ ፀጉሯ በእፍኝ የረገፈ ቀን፣ ያ ሁሉ ልብስ ሰፊዋን እንደዚህ አልመታትም። እሷ ስትታገል የነበረው ላለመሞት ነው፤ ልጇ ደግሞ እዚህ፣ ከመኪናዋ አጠገብ፣ ያለ እሷ ስለ መቆም ስታስብ ነበር። በዝምታ፣ ለብቻዋ፣ እስከ ኪሱ ድረስ አስባበታለች።

ሚሊሜትር ከመቀመጫው ተነሳ። ዓይኑ ቀልቷል። "አሁን ልጣለው?" አለ።

"ቆይ" አለችው። የልጇን ቅድ አነሳችና ከትከሻዋ ጀምራ ዘረጋችላት። የእጅጌው ጫፍ የልጅቷን አንጓ አልነካም። ርዝመቱም ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል።

"አይሆነኝም!" አለች ልጅቷ ሳቅ እያለች።

"አድገሻል።"

"ልኩ ትክክል ነበር" አለ ሚሊሜትር የተሰደበ ያህል ተሰምቶት። "ያን ጊዜ ትክክል ነበር።"

ልጅቷ ሳቋን አቋርጣ እናቷን ቀጥ ብላ አየቻት። "ማሚ፣ ተመልሶ ይመጣል እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበራት፤ ቤቱ ውስጥ ሁሉም በቃሉ ይዞታል። አለቀ፣ ጠፋ፣ ምንም የለም፣ አንቺ ብቻ ትምህርትሽን ተማሪ። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከመቃብር መልስ አበባ ይዘው "እሺ፣ እንልልሻለን" የሚሉት ሰዎች ድምፅ በራሷ አፍ ሊወጣ ሲል ሰማችውና ደነገጠች።

"አላውቅም" አለች። "አሁን የለም ብለውኛል። ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ሰኞ የመጨረሻውን ምርመራ ውጤት ይነግሩኛል። ደግሞ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ክር ማስገባት አቅቶኛል። ይሄንን ለማንም አልተናገርኩም።"

ሚሊሜትር "ማወቁንስ አውቄ ነበር" አለ ወደ ግድግዳው።

ልጅቷ አላለቀሰችም። የእናቷን እጅ ያዘችና ጣቶቿን አንድ በአንድ ጫን እያደረገች "ይሄ ይሰማሻል? ይሄስ?" አለቻት። አንዱም አልተሰማትም። መዳፏ ላይ ስትደርስ ግን ተሰማት፤ ነገረቻት።

"ሰኞ ከትምህርት ቤት አስፈቅጂ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ለምን?"

"ሐኪሙ ጋ አብረሽኝ ትገቢያለሽ።"

ልጅቷ ማመን አቃታት። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷ ከዚያ ክፍል በር አልፋ አታውቅም፤ ኮሪደሩ ወንበር ላይ ብስኩት ተሰጥቷት ነው የምትጠብቀው። "አክስቴ ልጅ አይገባም ትላለች" አለች።

"አክስትሽ ኮሪደር ላይ ትጠብቀን። ጃንጥላዋን ትያዝ።"

"ሐኪሙስ ውጪ ጠብቂ ካለኝ?"

"ይውጣና እሱ ይጠብቅ" አለች እናትየው፤ እጇንም ከልጇ እጅ ውስጥ አላወጣችም።